ዘንዶው ለምን አጎነበሰ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ጥርስ ሐኪሙ ቤታችን መጣ። ጥርስ ሊነቅል አይደለም፤ ካርታ ይዞ ነው። ካርታው የሌለ አገር ካርታ ነው፣ ራሱ የፈጠረው። አሥራ አራት ወንዝ አለው፣ ድልድይ ግን አንድም የለውም። ሕዝቡ በምን እንደሚሻገር ብጠይቀው "በዘንዶ" አለኝ። ሲመልስልኝ ፈገግ እንኳ አላለም።

ወንድሜ የቀርከሃ ማጥመጃ ዘንግ ይሠራል። ትል ሰክተው ወንዝ ዳር ለሚያንቀላፉት አይደለም። በላባና በክር ዝንብ አስመስለው የሠሩትን መንጠቆ ውኃ ላይ እየወረወሩ ዓሣ ለሚያታልሉት ነው። ቀርከሃውን ይሰነጥቀዋል፣ ስድስት ቀጫጭን ስንጣቂ ያወጣል፣ እያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን እስኪሆን በመላጊያ ይልገዋል፣ ከዚያ ስድስቱን በሙጫ መልሶ አንድ ዘንግ ያደርጋቸዋል። ይህን ሥራ ለሰው ባስረዳሁ ቁጥር "ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ሰነጠቀው?" ይሉኛል። ለወንድሜ አልነገርኩትም። የቤት ሰላም በብዙ ነገር ዝም በማለት ነው የሚቆመው።

ጥርስ ሐኪሙ ያዘዘው በካርታው አገር ነዋሪዎች የተሰየሙ ሦስት ዘንጎች ነው፦ ዘንዶው፣ አስማተኛውና የጫካዋ ንግሥት። ለአጥማጆች ክበቡ የታኅሣሥ 11 ስብሰባ ይደርሳሉ። ከዘንጎቹ ጋር አፈ ታሪካቸውን የያዘች ትንሽ መጽሐፍ እንድትኖር ይፈልጋል። ማን ይጻፋት ሲባል ወንድሜ በአውራ ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሷ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርታለች።" ሠርቻለሁ። አራሚ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ነጠላ ሰረዝ ሳስገባና ሳወጣ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

"ዘንዶው ስንት እግር አለው?" አለ ወንድሜ እርሳሱን ይዞ።

"አራት፣ ጋሼ። ክንፍም አለው" አለ ጥርስ ሐኪሙ።

"ክንፍ ካለው እግር ምን ያደርግለታል?"

ጥርስ ሐኪሙ ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አምፖል ቀየርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛው ነው። ወንድሜ የመሥሪያ ክፍሉ ብርሃን ደክሟል ይላል። አሁን የሰቀልኩት ኳስ ሜዳ ያበራል።

"አሁንስ?"

"ዘንድሮ የሚሠሩት አምፖል ሁሉ እንዲሁ ነው" አለኝ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ከአባታችን የወረሰውን የብረት ማስመሪያ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። "ጎብጧል" አለ። ብረት ዝም ብሎ አይጎብጥም አልኩት። "እንግዲያው ዓይኔ ጎብጧል በይኛ" አለና ወደ መላጊያው ዞረ።

ማስመሪያውን አንስቼ በመስኮቱ ጠርዝ ለካሁት። ቀጥሎም በጠረጴዛው ጠርዝ፣ በወፍራም መዝገበ ቃላት ጀርባም። ከዚያ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለማስመር ያስፈልገኛል። (ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድም መስመር አስምሬ አላውቅም።)

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

አዲስ ማስመሪያ ገዝቶ መጣ። እሱም ጎብጧል። ሻጩን ሌባ አለው። መሳቢያዬ ውስጥ አሁን ሁለት ማስመሪያ አለ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የሐር ክር ልትሰጠኝ ጠራችኝ። የማጥመጃው ገመድ የሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች የሚታሰሩት በሐር ክር ነው፣ የተረፋትን ታስቀምጥልናለች። ክሩን ሰጥታኝ ቀሚስ የምታለብሳትን የበር ላይ አሻንጉሊት አሳየችኝ።

"ወንድምሽ ዛሬ እንደምን አደርሽ አላት።"

"ጨዋ ነው" አልኳት።

"ጨዋነቱንማ አየሁት። ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብሎ መልስ ሲጠብቅ ነበር። ዓይኑን አሳዪው።"

"መነጽሩ ቆሽሾ ነው።"

መነጽሩን አጠብኩለት። አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ሰሞኑን ሲያናግረኝ ፊት ለፊት አያየኝም። አንገቱን ዘወር ያደርግና በዓይኑ ጥግ ነው የሚያየኝ፣ ልክ እንደማያምነኝ ሰው። ያስቀየምኩት ነገር ካለ ቢነግረኝ ይሻለው ነበር።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጥርስ ሐኪሙ ዘንዶው ላይ ያሉት ክሮች በሙሉ ደም የመሰለ ቀይ እንዲሆኑ ነበር ያዘዘው። ዘንጉ በሁለት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ያለቀው የታችኛው ከእጀታው እስከ መሃል አረንጓዴ ነው። ከመሃል በኋላ ቀይ።

"ቀዩ እንዴት ነው?" አለኝ ወንድሜ።

የክሩ ጥምጥም ግን ልቅም ያለ ነው፣ አንዱ ዙር በአንዱ ላይ አልወጣም። ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። "ያምራል" አልኩት።

ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ዘንዶው ሲፈለፈል አረንጓዴ እንደነበረ ጻፍኩ። የተበደለ ቀን ከጭንቅላቱ ጀምሮ ይቀላ ጀመር። ቅላቱ መሃሉ ላይ ሲደርስ አንዲት ልጅ ዘፈነችለትና ቁጣው እዚያው ቆመ። አንድ ገጽ ተኩል። ላኩለት። ጥርስ ሐኪሙ ወዲያው መለሰ፦ "እመቤት፣ ይህን እንዴት አሰቡት? ሰውነቴን ወረረኝ።"

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እኔ ባስገባሁት ሰረዝ ማንንም ሰውነቱን ወርሮት አያውቅም።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

የዘንዶው ዓይን ከእጀታው በላይ መሳል ነበረበት። ከታች ተስሏል፣ አጥማጁ ሲይዘው መዳፉ የሚሸፍነው ቦታ ላይ። ጻፍኩ፦ ዘንዶው የሚያየው በያዘው ሰው መዳፍ በኩል ነው፤ የሰውየውን ልብ ሳያይ ዓሣ አያይም።

ጥርስ ሐኪሙ፦ "ሊቅ ነዎት።"

መጽሐፏ ሰባት ገጽ ደረሰች። ወንድሜ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ስለ ዘንዶ አልኩት። "እግሩን ተዪው፣ ሲሄድ አላየሁትም" አለ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

የዘንዶው የላይኛው ክፍል ሙጫው እስኪደርቅ ከታሰረበት ማሰሪያ ዛሬ ወጣ። ሙጫው የደረቀ ዘንግ አንዳንዴ ትንሽ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ወንድሜ የተጣመመውን ቦታ በትንሿ እሳት ያሞቅና በጣቱ ገፋ አድርጎ ያቃናዋል። በዚህ ሥራ እሱን የሚስተካከል የለም። ሌሎች ዘንግ ሠሪዎች እንኳ የተጣመመባቸውን ይልኩለት ነበር።

ይህኛው ግን ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። አውቃለሁ፤ ሻይ ሊያፈላ ሲሄድ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስተኝቼዋለሁ። ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረውም።

ተመልሶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በዘንጉ ርዝመት አየ። "ጎብጣለች" አለ። አሞቀ፣ ገፋ፣ አየ። አሁንም ጎብጣለች። ከሌላው ወገን አሞቀ። የጆሮ ግንድ እኩል አደርጋለሁ እያለ ሰውን መላጣ እንደሚያደርግ ፀጉር አስተካካይ ሆነ። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ማለትም አንድ ገጽ ላይ አፍጥጫለሁ።

አራት ጊዜ ጠየቀኝ። "አሁንስ ቀጥ ያለ ነው?"

ሦስት ጊዜ "ትንሽ ይቀረዋል" አልኩት፣ ታክቶት ይተወዋል ብዬ። በአራተኛው ጊዜ ጫፉ ወንዝ ላይ እንዳጎነበሰ ሸምበቆ ሆኖ ነበር።

"ቀጥ ያለ ነው፣ ጋሼ" አልኩት።

እፎይ ብሎ ፊቱን በመሃረብ ጠረገ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎደለች ብዬ ደራሲ ያስለቀስኩ ሴት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ይህን አልኩ። ሌላ ምን ልለው ነበር? የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። በዚህ ዓለም የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ዓይኑ ነው።

ዘንዶው ለምን እንዳጎነበሰ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። በመንግሥቱ ውስጥ ለማንም አይሰግድም፣ ለንጉሥም ቢሆን፤ የሚያጎነብሰው እናቱ ለሰመጠችበት ወንዝ ብቻ ነው። ስጨርስ እኔው ራሴ ዓይኔን ጠረግኩ። ጥሩ ገጽ ነበር። በጣም ጥሩ ገጽ ነበር።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ጥርስ ሐኪሙ፦ "አለቀስኩ። ረዳቴም አለቀሰች። ለታካሚዬም አነበብኩለት፣ አፉ ተከፍቶ ስለነበር አስተያየት አልሰጠም።"

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ጣቱን ቆረጠ። የግራ እጁን ሌባ ጣት። ጥልቅ አይደለም። ከአርባ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። "ቢላዋው ከመጠን በላይ ተስሏል" አለ። ዕቃ ሁሉ በእሱ ላይ አድሟል፤ አምፖሉ፣ ማስመሪያው፣ አሁን ደግሞ ቢላዋው።

ፋሻ ልበደር ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። በአፏ መርፌ ይዛ ነበር፣ አወጣችው።

"ዓይኑን አሳዪው ካልኩሽ ወር ሊሞላው ነው።"

"ዘንጎቹ ይለቁና።"

"ዘንጎቹ ናቸው ወይስ መጽሐፍሽ?"

ፋሻውን ይዤ ወጣሁ። ሴትየዋ መርፌ የት እንደሚሰካ ታውቃለች።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም ስህተት የለም። አስማተኛው በትእዛዙ መሠረት ነው፤ ክሩ ሰማያዊ፣ ቀለበቱ ዘጠኝ፣ ኮከቦቹም በቦታቸው። ስቆጥራቸው ቆየሁ። ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛው ቀለበት ወደ ጎን ዞሮ መታሰሩን አየሁ። ደስ አለኝ።

(ይህን መስመር ነገ እሰርዘዋለሁ።)

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አልሰረዝኩትም።

ስገባ የመሥሪያ ክፍሉ መብራት ጠፍቶ ነበር። አምፖሉ ተቃጠለ ብዬ ስነካው አልሞቀም። አላበራውም ማለት ነው። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የንግሥቲቱን ስንጣቂ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይልጋል። ያፏጫል ደግሞ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

"በጨለማ?" አልኩት።

"ብርሃኑ ዓይኔን ይበላኛል። ጣቴ ይበቃል።"

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የጫካዋ ንግሥት ከማሰሪያው ወጣች። መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስተኛኋት። ቀጥ ያለች ናት። እሳት አልነካትም፤ አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች አስኬደና "ይህቺ ጨርሳለች" ብሎ አስቀመጣት። አልጠየቀኝም።

ስለ እሷ የጻፍኩት አንድ ገጽ ብቻ ነው። ስለ ቀጥ ያለ ነገር ብዙ የሚባል የለም። ጥርስ ሐኪሙም "ንግሥቲቱ ትንሽ ቀዝቃዛ አልሆነችም?" አለኝ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ዓይን ሕክምና ደወልኩ። ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ተራ የምትይዘው ልጅ "ኅዳር 30 ክፍት ቦታ አለ" አለችኝ።

ከታኅሣሥ 11 በኋላ ይሁንልን አልኳት።

"አጣዳፊ አይደለም ማለት ነው?"

"አይደለም።"

ታኅሣሥ 15 ሰጠችኝ። ሦስት ሳምንት ምን አላት። ቫርኒሹ ሊደርቅ ነው። መጽሐፏ ማተሚያ ቤት ገብታለች። ሦስት ሳምንት ምንም አይደለም። ሽፋኗ አረንጓዴ ነው፣ ስሜ በትንሹ ከታች አለ። ሦስት ሳምንት ምንም አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ ለካ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የክበቡ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የደረቁ ዓሣዎች ተሰቅለዋል፣ ከሥራቸው ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው "ይህን ያህል ነበር" የሚሉ ሰዎች ቆመዋል። ዓሣው በየንግግሩ ክንድ ክንድ ያድጋል። ወንድሜ አዲሱን ኮቱን ለብሶ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሊያመሰግኑት የሚመጡትን ሁሉ በዓይኑ ጥግ እያየ ጨበጣቸው። "የጥበበኛ አስተያየት አለው" አለች አንዷ ለባልዋ። ሰማኋት።

ጥርስ ሐኪሙ ተነሥቶ መጽሐፌን ከፈተ። ገጽ ዘጠኝን አነበበ። ድምፁ ያምራል፣ ይህን አልክድም። "ዘንዶውም ለንጉሥ ያልሰገደ አንገቱን ለእናቱ ወንዝ አጎነበሰ። ስለዚህ ዛሬም ጫፉ ወደ ውኃው ያዘነበለ ነው፤ በዓይናችሁ ተመልከቱት።" ዘንጉን ከፍ አደረገው። ሁሉም አዩት።

ወንድሜ ወደ እኔ ጠጋ አለ። "የትኛው ነው ያዘነበለው?"

"ታሪክ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

ተነሣ። ሄዶ ዘንጉን ከጥርስ ሐኪሙ እጅ ተቀበለው። ወደ ዓይኑ አላስጠጋውም። ዓይኑን ጨፈነና አውራ ጣቱን ከእጀታው ጀምሮ ወደ ላይ አስኬደ። ጫፉ ላይ ሊደርስ ሁለት ስንዝር ሲቀረው ጣቱ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ፣ እዚያው ቆመ።

"ይህ ተጣሟል" አለ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው። "ታሪክ አይደለም። ያሞቅኩት ቦታ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ የወጣውን ዘንግ እኔ ነኝ ያጣመምኩት። ዓይኔ አያይም። ይመልሱልኝ፣ በሳምንት ውስጥ አቃናዋለሁ።"

አጨበጨቡ። አንዱማ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው። ጥርስ ሐኪሙ ወንድሜን አቅፎ "ዓይነ ስውሩ ዘንግ ሠሪ" አለ እንባ እየተናነቀው፤ "እመቤት፣ ይህቺን ለሁለተኛው እትም ያስቀምጧት።"

"የምሬን ነው" አለ ወንድሜ።

"እናውቃለን፣ ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው የሚያምረው።"

"ታዲያ በዚህ እንዴት ይጠመዳል? ገመዱ ወደ ጎን ነው የሚወረወረው።"

"መች ውኃ ሊነካ? የመስታወት ቁም ሣጥን አሠርቼለታለሁ። እርጥበት ያበላሸዋል።"

ወንድሜ ዘንጉን መለሰለት። ቀስ ብሎ ነው የመለሰው፣ የሰው ሕፃን እንደሚመልስ ሰው። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ሰጠሁት፣ አልያዘም። በግድግዳው በኩል ሄደ፣ በጣቱ ጡቡን እየነካ።

"ቀጥ ያለ ነው አልሽኝ።"

"አልኩህ።"

"ስንት ጊዜ ጠየቅኩሽ?"

"አንድ ጊዜ።"

"አራት ጊዜ" አለ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሻይ ለራሱ ብቻ አፈላ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሱም አልጠረገውም፣ እኔም አልጠረግኩትም።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

"ልብስ ሰፊዋ ዓይን ሐኪም ታውቃለች?" አለኝ በበሩ በኩል።

"ለነገ ቀጠሮ ይዣለሁ።"

"መቼ የያዝሽው?"

"ሰሞኑን።"

ሰሞኑን የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይገባበታል።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጥድፊያ አይታይባትም። በየዓይኑ ጠብታ አድርጋ፣ መሣሪያዋን አዙራ፣ አገጩን አስደግፋ አየችው። ከዚያ አንዲት ካርድ አወጣች። እንደ ሒሳብ ደብተር በጥቃቅን አራት ማዕዘን የተሞላች ናት፣ መሃሏ ላይ ነጥብ አለ።

"የግራ ዓይንዎን ይሸፍኑና ነጥቧን ይዩ፣ አባባ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ የተጣመሙ?"

ወንድሜ ካርዱን አየ። ከዚያ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

"ቀጥ ያሉ ናቸው?" አለኝ።

ሐኪሟ እጇን አነሣች፣ እንዳልመልስ። አውቃለሁ፣ የታካሚ ምርመራ ነው፣ ሰው አያቀብልም። ግን አምስተኛ ጊዜው ነበር።

"ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ጋሼ።"

"የእውነትሽን?"

"የእውነቴን ነው።"

ወደ ካርዱ ተመለሰ። ረጅም ጊዜ አየው። ቀጥ ያሉ መሆናቸውን ከእኔ ሰምቶ፣ የሚያየውን ደግሞ እያየ።

"ለእኔ ውኃ ውስጥ ያለ መረብ ነው የሚመስለው" አላት።

ሐኪሟ ጻፈች። የግራው ገና ጀማሪ ነው፤ በየወሩ መርፌ እየተሰጠው ባለበት ሊቆይ ይችላል። የቀኙ መሃል ጠባሳ ሆኗል። "መቼ ነው የጀመረዎት?" አለችው።

"ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው" አለ።

"ጥቅምት 11" አልኩ እኔ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ቀኑን በትክክል ያስታውሱታል?"

"ጽፌዋለሁ።"

"በጥቅምት መጥተው ቢሆን ኖሮ" አለችና የቀረውን ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብላ ተወችው። ጨዋ ልጅ ናት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እጨርሰው ነበር፤ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር አልወድም።

ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘ። ጠብታው የዓይኑን ብሌን አስፍቶ ስላደበዘዘበት ነው።

"ጥቅምት 11 ምን ሆኖ ነበር?"

"የአባባን ማስመሪያ የጣልክበት ቀን ነው።"

ጥቂት እርምጃ ሄድን።

"የት ደረሰ?"

"መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሁለቱም አሉ።"

"ከዚያን ቀን ጀምሮ?"

"ከዚያን ቀን ጀምሮ።"

ክንዴን አልለቀቀም። ይልቀቀኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ይቀለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ ከጥርስ ሐኪሙ መልእክት ደርሶኝ ነበር። ሁለተኛው እትም በዓይነ ስውሩ ዘንግ ሠሪ እንዲጀምር ይፈልጋል፣ ሃያ ገጽ ያህል። የድሮ ሥራዬን ሠርቼ በእርማት መለስኩለት፦ "ገጽ 9፣ 'አጎነበሰ' የሚለው 'ወንድሜ ታሞ ሳለ እኔ ዝም ስላልኩ ተጣመመ' ተብሎ ይነበብ። ሌላ የምጨምረው የለም።"

ወዲያው መለሰ፦ "ድንቅ።"

ማስመሪያዎቹን ከመሳቢያዬ አውጥቼ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ አኖርኳቸው። ወንድሜ መብራቱን ሳያበራ ገብቶ ተቀመጠ። የአባታችንን አነሣና አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ፣ ከዳር እስከ ዳር። ጣቱ የትም አልቆመም።

"ይቅርታ" አለ። ለማስመሪያው ነው።

ለእኔ እስካሁን ምንም አላለም።